ኤፒዱራል ልውሰድ ወይስ ልቻለው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 33ኛ ሳምንቴ ላይ ደርሻለሁ። ባለፈው ክትትል ላይ ሐኪሜ «የምጥ ማስታገሻ ምን እንደምትፈልጊ ከወዲሁ አስቢበት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ታላቅ እህቴ በኤፒዱራል (የምጥን ሕመም ለማስታገስ ጀርባ ላይ በሚሰጥ መድኃኒት) ነው የወለደችው፤ «አትጃጃይ፣ ገና ሳይብስብሽ ውሰጂ» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ሁላችንንም ያለ ምንም መድኃኒት ነው የወለደችን። «ወገብሽን ለዕድሜ ልክ ታበላሺዋለሽ፣ ልጁም ፈዞ ነው የሚወለደው» ትላለች። ባለቤቴን ስጠይቀው «አንቺ የፈለግሽው» ይለኛል፤ ይሄ መልስ ከሁለቱም በላይ ያበሳጨኛል። እኔ ሕመም ብዙም አልችልም። ግን ጀርባዬ ላይ መርፌ ሲገባ ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል። ከሁሉ በላይ የምፈራው እችላለሁ ብዬ ጀምሬ መሃል ላይ ተሸንፌ መድኃኒት ስጡኝ ብዬ መለመንን ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከባልሽ ልጀምር። «አንቺ የፈለግሽው» ሲል ክፋት አስቦ አይመስለኝም። አካሉ ያንቺ ነው፣ ውሳኔውም ያንቺ ነው ማለቱ ይሆናል። ግን ብስጭትሽ ይገባኛል። አንቺ የፈለግሽው ፈቃድ ሳይሆን አብሮሽ የሚያስብ ሰው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።

እናትሽና እህትሽ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል። ሁለቱም ምርጫውን ከወዲሁ፣ አንዴ፣ በአዎ ወይም በአይ የሚዘጋ ጉዳይ አድርገውታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ምጥ ረጅም ነው፤ መልኩም ይቀያየራል። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚበቃው ለመጨረሻዎቹ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ካንቺ የሚጠበቀው አንድ መድኃኒት መምረጥ ሳይሆን ቅደም ተከተል ማውጣት ነው። በምን ልጀምር? እሱ ካልበቃኝ ወደ ምን ልሂድ? የትኛው ነው ከተወሰደ በኋላ ሌላውን የሚከለክለኝ? የማስታገሻ ምርጫ ማለት ይኸው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሕመሙን ራሱን እንየው። ማህፀን እየተኮማተረ የማህፀንን በር ወደ ላይ ይስበዋል። በሩም እየሳሳና እየተከፈተ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ከእምብርት በታችና ወገብ ላይ ነው። ሲጀምር የወር አበባ ቁርጠት ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ይበረታል። ግን መጥቶ ይሄዳል። ምጡ በጣም በጠነከረበት ሰዓት እንኳ አንዱ ቁርጠት አንድ ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ነው። ከዚያ ይለቅሻል። «ሕመም አልችልም» ስትዪ ምናልባት የምታስቢው እንደ ጥርስ ሕመም ያለ ፋታ የማይሰጠውን ነው። ምጥ ፋታ አለው፤ ብዙ ሴቶችን የሚያሻግራቸውም ያ ፋታ ነው። (ቁርጠቱ አልፎም ሆድሽ እንደ ድንጋይ ደርቆ ሕመሙ አልለቅ ካለሽ፣ ደም ከፈሰሰሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ማስታገሻ አትፈልጊ፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂጂ።)

በሩ ተከፍቶ ልጁ መውረድ ሲጀምር ሕመሙ ቦታ ይቀይራል። ወደ ታች የሚጫን፣ የሚወጥር፣ ሰገራ የመጣ የሚያስመስል ስሜት ይሆናል። ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮችም ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያው ከጀርባ ከፍ ብለው በሚገቡ ነርቮች ይሄዳል፤ የኋለኛው ደግሞ ከወገብ በታች፣ ከጭራ አጥንት በላይ ባሉት። አንዳንዴ ኤፒዱራል የሆድ ቁርጠቱን ጸጥ አድርጎት የታችኛው ጫና የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። «መርፌው አልሠራም» ብለሽ እንዳትደነግጪ ከአሁኑ እወቂው።

ጊዜውስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ዋናው ምጥ የሚጀምረው በሩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ከሴት ሴት በጣም ይለያያል፤ ለመጀመሪያ ልጅ በጣም ሊረዝም ይችላል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለው ደግሞ ለመጀመሪያ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። መግፋቱ በአብዛኛው በ3 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ጉልበትሽንና ማስታገሻዎችሽን ለዚህ ሁሉ ጊዜ እንድታከፋፍያቸው ነው።

ለዚያ ለመጀመሪያው፣ ዘገምተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ መድኃኒት አያስፈልግም። ቤት ሆነሽ ተንቀሳቀሺ፣ ብዪ፣ ከቻልሽ ተኚ። ሙቅ ሻወር ወገብሽ ላይ ይውረድ። ፓራሲታሞል ይፈቀድልሽ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። አይቡፕሮፌንንና ዲክሎፌናክን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኪ፤ በእርግዝና መጨረሻ ላይ የፅንሱን ልብና ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ወደ ሐኪም ቤት የምትሄጂበትን ሰዓት ከሐኪምሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን ቁርጠቱን ሳትጠብቂ ደውዪ።

አሁን ወደ ባልሽ ልመለስ። በምጥ ጊዜ ከጎንሽ የማይለይ ሰው መኖሩ ጥሩ ወሬ ብቻ አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች የተካተቱባቸው ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሳይቋረጥ የሚደግፋቸው ሰው የነበራቸው ሴቶች ምጣቸው በመጠኑ አጥሯል፤ ኦፕራሲዮን ቀንሷል፤ ማስታገሻ መድኃኒት የፈለጉትም አንሰዋል። ስለወሊዳቸው የነበራቸው ቅሬታም እንዲሁ ቀንሷል። ምንም ጎጂ ጎን የሌለው ማስታገሻ ይሄ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። ግን ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ከሆነ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ምን ያድርግ? ቁርጠቱ ሲመጣ ከወገብሽ በታች ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፉ ጠበቅ አድርጎ ይጫን። ልጁ ፊቱን ወደ ሆድሽ አዙሮ ከሆነ ምጡ ወገብ ላይ ይበረታል፤ ያኔ ይሄ ግፊት በተለይ ይረዳል። ትንፋሽሽ ሲቆራረጥ አብሮሽ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ውሃ ያቀብልሽ። ስትቆሚ ትደገፊው፤ ስትንበረከኪ ይያዝሽ። ቆሞ፣ ተንበርክኮ ወይም ተቀምጦ ማማጥ በጀርባ ከመተኛት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ልጁ እንዲወርድ ይረዳል፤ ሕመሙንም ያቀልላል። አሁኑኑ ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱት። በዕለቱ «እንዴት ነው የምጫነው?» ብሎ ቢጠይቅሽ መልስ የምትሰጪበት ፋታ አይኖርሽም። እሱ የማይመቸው ከሆነም አትቀየሚው። እህትሽን ወይም ጓደኛሽን መምረጥ ትችያለሽ።

ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት ሌላው ነው። የምትወልጂበት ቦታ ገንዳ ካለው በደንብ አስቢበት። ሰውነት ይፍታታል፤ ክብደትሽ ይቀላል። ውሃ ውስጥ የቆዩ ሴቶች ኤፒዱራል የመፈለጋቸው ዕድልም ይቀንሳል። ውሃው ከ37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ የእናት ሙቀት ሲጨምር የልጁም ይጨምራል። ጀርባ ላይ የሚለጠፍና በትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሠራ ቴንስ የሚባል መሣሪያም አለ። አንዳንዶች ይወዱታል። ማስረጃው ደካማ ነው፤ ጉዳቱም እንደዚያው ጥቂት ነው። ውሃ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ወደ መድኃኒቱ እንግባ።

ቀለል ካለው ብጀምር፣ በጭንብል ወይም በአፍ የሚሳብ ጋዝ አለ። ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ግማሹ ኦክስጅን ነው። ራስሽ ይዘሽ ራስሽ ትስቢዋለሽ፤ ሲበቃሽ ታወርጂዋለሽ። ብልሃቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ለመሥራት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሕመሙ ጫፍ እስኪደርስ ከጠበቅሽ ረፈደ። ቁርጠቱ ሲጀማምርሽ ወዲያው በረጅሙ መሳብ አለብሽ። ሕመሙን አያጠፋውም፤ ግን ከሩቅ ያለ ያስመስለዋል። ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ሳቅ ያመጣል። ካልወደድሽው ጭንብሉን ባወረድሽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሰውነትሽ ይወጣል። ሌላ ምንም ነገር ስለማይከለክልሽ መጀመሪያ ለመሞከር ጥሩ ነው። ችግሩ በየቦታው አለመኖሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጡንቻ መርፌ ነው፤ ፔቲዲን ወይም መሰሎቹ። ጭን ወይም ዳሌ ላይ ይወጋል። በ20 ደቂቃ ገደማ ይጀምርና ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ውስብስብ መሣሪያ ስለማይፈልግ በብዙ ቦታ ይገኛል። እኔ ግን ስለዚህ መርፌ እናቶች በቂ አይነገራቸውም ባይ ነኝ። ሕመሙን ከመቀነስ ይልቅ ሴትየዋን ያደነዝዛታል የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። አንዳንዷ በቁርጠት መሃል እንቅልፍ ወስዷት ታርፋለች። ሌላዋ ደግሞ ያው ያማታል፤ ተጨማሪ ያቅለሸልሻታል፤ ምን እየተደረገ እንደሆነም ይምታታባታል። ማስመለሱን የሚከላከል መድኃኒት አብሮ ቢሰጥሽ ይሻላል፤ ጠይቂ።

እናትሽ የተናገረችው «ፈዞ ይወለዳል» የሚለው ነገርም እዚህ ላይ ነው ቦታው። መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል። ከመወለዱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ልጁ እንቅልፋም ሊሆን፣ ትንፋሹ ሊዘገይ፣ ጡት ለመያዝም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊቸገር ይችላል። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ አዋላጆቹም ያውቁታል። ለዚህም ነው መውለጃሽ ከደረሰ መርፌውን የማይሰጡሽ። ውሃ ውስጥ መግባት ካሰብሽም ከመርፌው በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት መጠበቅ ይኖርብሻል። እንግዲህ እናትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። የሌላውን መድኃኒት ጥፋት ለኤፒዱራል ሰጠችው እንጂ። («ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳትባዪ ግን ስትነግሪያት ለስለስ አድርጊው።)

አሁን ወደዚያ የፈራሽው መርፌ።

ኤፒዱራል ከሁሉም በላይ ሕመምን የሚያስታግስ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጤነኛ የሆነች ምጥ ላይ ያለች ሴት ከፈለገችው እንዲሰጣት ይመክራል። አሠጣጡ እንዲህ ነው። ቁጭ ብለሽ ወደ ፊት ጎበጥ ትያለሽ፤ ወይም በጎንሽ ተኝተሽ ትኮራመቻለሽ። የማደንዘዣ ባለሙያው መጀመሪያ ቆዳሽን በቀጭን መርፌ ያደነዝዘዋል። የሚቆጠቁጥሽ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማሽ ግፊት ነው። ዋናው መርፌ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ይገባል፤ በውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ለስላሳ ቱቦ ያልፋል፤ መርፌው ይወጣል። ጀርባሽ ላይ የሚቀረው ቱቦው ብቻ ነው። መድኃኒቱ በእሱ በኩል እስክትወልጂ ይሰጥሻል። ለማስገባት 10 ደቂቃ ገደማ፣ ለመሥራት ደግሞ ሌላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። ከባዱ ነገር መርፌው ሳይሆን ቁርጠት እየመጣብሽ ሳትነቃነቂ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ቁርጠቱ ሲመጣ ተናገሪ። ባለሙያው ቆም ብሎ ይጠብቅሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ምናልባት ያ መንዘፍዘፍ ይቀንስልሻል። ኅብለ ሰረሰር ማለትም ዋናው የነርቭ ገመድ በአብዛኞቻችን የሚያልቀው ከወገብ ከፍ ብሎ ነው። ኤፒዱራል የሚገባው ከዚያ በታች ነው። እዚያ ያሉት የተበተኑ የነርቭ ክሮች ናቸው። ያውም መርፌው እነሱ ጋ አይደርስም፤ ከሸፈናቸው ሽፋን ውጭ ይቆማል።

ዕድሜ ልክ ስለሚቆይ የወገብ ሕመም እናትሽ የሰማችው ብዙ ሴቶች የሚሉት ነው። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያምሽ ይችላል። የረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም ግን በኤፒዱራል በወለዱና ያለ እሱ በወለዱ ሴቶች መካከል ሲነጻጸር ልዩነት አልተገኘም። ከወሊድ በኋላ ወገብ ማመም በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው። እርግዝናው ራሱ፣ የላሉት ጅማቶች፣ ጎንበስ ብሎ ልጅ ማንሳቱ በቂ ምክንያት ናቸው። መርፌ የወሰደችዋ ጥፋቱን ለመርፌው ትሰጣለች፤ ያልወሰደችዋ «እርግዝና ነው» ብላ ታልፋለች።

ይህን ስል ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። በብሪታንያ የወሊድ ማደንዘዣ ሐኪሞች ለእናቶች የሚሰጡት መረጃ ቁጥሮቹን በግልጽ ያስቀምጣል። ከ8 ሴቶች ለአንዷ በደንብ ስለማይሠራላት ሌላ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ቱቦውን በማስተካከል ወይም በድጋሚ በማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል። ከ50 አንዷ የደም ግፊቷ ጎላ ብሎ ይወርዳል፤ በፈሳሽና በመድኃኒት ይስተካከላል። ከ100 አንዷን ከባድ ራስ ምታት ይይዛታል። ይህ የሚሆነው መርፌው ሽፋኑን ሲበሳው ነው። ስትቀመጪ የሚብስ፣ ስትተኚ የሚሻል ራስ ምታት ነው። ሕክምና አለውና ዝም ብለሽ አትቻዪው። ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ የነርቭ ጉዳት ከ13,000 በአንዷ፣ ሽባ የሚያደርግ ከባድ ጉዳት ደግሞ ከ250,000 በአንዷ ይገመታል።

ከቁጥሩ ይልቅ በዕለቱ የሚሰማሽ ሌላው ነገር ነው። ክንድሽ ላይ የደም ሥር ቱቦ ይገባል። የልጁ የልብ ምት ያለማቋረጥ ይታያል። እግሮችሽ ስለሚከብዱ ከአልጋ መውረዱ አይቀጥልም፤ በዝቅተኛ መጠን ሲሰጥ የሚንቀሳቀሱ ቢኖሩም። ሽንት መምጣቱን ላታውቂ ስለምትችይ የሽንት ቱቦ ሊያስፈልግሽ ይችላል። ሰውነት ያሳክካል። ትኩሳትም ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ ሐኪሞቹ ኢንፌክሽን እንዳይሆን ብለው አንቺንም ልጁንም ይመረምራሉ። የመግፋቱ ጊዜ ይረዝማል።

ኦፕራሲዮን ያበዛል የሚባለውስ? አያበዛም። ቀድሞ መውሰዱም ሆነ ዘግይቶ መውሰዱ ይህን አይቀይረውም። «5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ አይሰጥም» ወይም «7 ካለፈ አይሰጥም» የሚል ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። የሚከለክለው ልጁ ለመወለድ መቃረቡ ነው፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ልጁ ይቀድማል። በመሣሪያ ማለትም በቫኩም ወይም በፎርሴፕስ የመወለድ ዕድልን ይጨምር እንደነበር ግን እውነት ነው። ያ ግን በአብዛኛው የቆዩት፣ ከባድ መጠን የሚሰጥባቸው ዘዴዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ብቻቸውን ሲታዩ ልዩነቱ አልታየም። ስለዚህ የምትወልጂበት ቦታ ዝቅተኛ መጠን ያለውን ዘዴ ይጠቀም እንደሆነ መጠየቅ ትርጉም አለው። ሌላም ትንሽ ዘዴ ልጨምርልሽ። በኤፒዱራል ሆነሽ ለመግፋት ስትዘጋጂ በጎን መተኛት፣ ቁጭ ከማለት ይልቅ ያለ መሣሪያ የመውለድን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ቅድም ስለመቆም የነገርኩሽን ይቃረናል አይደል? መርፌው ሲገባ ሕጉ ይቀየራል።

አንድ ጥሩ ጎንም አለው። ምጡ ወደ ኦፕራሲዮን ቢቀየር በዚያው ቱቦ ጠንከር ያለ መድኃኒት ተጨምሮ፣ ነቅተሽ ልጅሽን እያየሽ ልትወልጂ ትችያለሽ። ሙሉ ሰመመን የመውሰድ ነገር ይቀንሳል።

ኤፒዱራል የማይሆንላቸውም አሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የደም ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሕዋሳት) ቁጥራቸው የወረደ፣ መርፌ የሚገባበት ቦታ ላይ ኢንፌክሽን ያለባቸው፣ ወይም አንዳንድ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ። ከእነዚህ አንዱ ካለብሽ ምጡን አትጠብቂ። በዚህ ወር የማደንዘዣ ባለሙያ እንዲያይሽ ጠይቂ። ለእነዚህ እናቶች ሬሚፌንታኒል የሚባል፣ ቁልፍ እየተጫኑ በደም ሥር የሚወስዱት መድኃኒት በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች አለ። ትንፋሽን ስለሚቀንስ አዋላጅ ከጎን አትለይም።

አሁን «ተሸንፌ» ወዳልሽው እንምጣ። ይሄ ክርክር ካንቺ በፊት የነበረ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ለምጥ ኤተርን ቀጥሎም ክሎሮፎርምን ሲጠቀም፣ የምጥ ሕመም ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ነውና አይነካም የሚሉ ተነሱበት። ሐኪሞችም ነበሩባቸው። በ1853 ግን የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ክሎሮፎርም ወሰደች። የሰጣት ጆን ስኖው ነበር፤ ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ያሳየው ያው ሰው። ንግሥቲቱ መድኃኒቱን በማስታወሻዋ አመሰገነችው። በ1857 ለዘጠነኛውም ደገመችው። ዛሬ ክሎሮፎርም አደገኛ ስለሆነ ቀርቷል። ሰባት ልጅ ያለ ማስታገሻ የወለደች ሴት ስምንተኛው ላይ መድኃኒት ስትወስድ ተሸነፈች ያላት ግን አላውቅም።

አንቺስ ምን ታደርጊ? በጻፍሽው ላይ ተመሥርቼ፣ ሐኪምሽ የተለየ ምክንያት ካላገኘች፣ እንዲህ ብታደርጊ ደስ ይለኛል። ቤት ሳለሽ እንቅስቃሴ፣ ሻወርና የባልሽ መዳፍ። ከገባሽ በኋላ ጋዝ ካለ ጋዝ፤ ገንዳ ካለ ውሃ። እነዚህ አልበቃ ካሉ የጡንቻ መርፌውን ዘለሽ በቀጥታ ወደ ኤፒዱራል። መርፌውን እንድትዘዪው የምለው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሕመሙን እንደምታስቢው ላያጠፋልሽ ይችላል፤ ከውሃውም ለሰዓታት ያስቀርሻል። ኤፒዱራል የማይሰጥበት ቦታ የምትወልጂ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ፔቲዲን በጊዜው ከተሰጠ ዋጋ አለው። ምጡ በመድኃኒት የሚጀመርልሽ ከሆነም ቅደም ተከተሉን አሳጥሪው። እንዲህ ያለ ምጥ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይበረታል፤ ኤፒዱራልን ቀደም አድርጎ መጠየቅ ያዋጣል።

በመሃል ሐሳብሽን ብትቀይሪስ? ቀይሪያ። ይህን ግን ከባልሽ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙበት። በሩ ከ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ብዙ ሴቶች «በቃኝ፣ አልችልም» ይላሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያስመልሳቸዋል። ብዙ ጊዜ ልጁ የሚደርሰው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ስለዚህ «በቃኝ» ስትዪ ባልሽ መጀመሪያ አዋላጇን ትመርምርሽ ዘንድ ይጥራት። ምን ያህል እንደቀረሽ ስታውቂ ውሳኔሽ ሊለወጥ ይችላል። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል ምረጡ፤ በተራ ወሬ የማይነሳ ቃል። ያንን ቃል ካልሽ ክርክር የለም፣ «ትንሽ ቻዪ» የለም። ኤፒዱራሉ ይጠየቃል። በዚህ መንገድ ጮኸሽ መለመን አይኖርብሽም። እሱም «አንቺ የፈለግሽው» ያለውን በተግባር ያሳያል።

በሚቀጥለው ክትትልሽ ሐኪምሽን ጥቂት ነገሮች ጠይቂያት። ምንም ከመወሰንሽ በፊት መልሱን ያዢ፤ የሌለ ነገር መርጦ መሄድ ከሁሉም የከፋ ነውና። የማደንዘዣ ባለሙያ ሌሊትም አለ ወይስ ቀን ብቻ? ከጠየቅሁ በኋላ እስኪመጣ በአብዛኛው ምን ያህል ይቆያል? የሚሳብ ጋዝ አላችሁ? በምጥ ክፍል አብሮኝ የሚሆን ሰው እስከ መጨረሻው ይፈቀድለታል? ስወልድ ተቀድጄ የምሰፋ ከሆነ ከመስፋታችሁ በፊት ታደነዝዙኛላችሁ? የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የሚሰፉበትን ቦታ የሚያደነዝዝ መርፌ መውሰድ መብትሽ ነው። ሕመሙ ከተሰማሽም ሰፊዋን አቁሚና ጨምሪልኝ በያት።

መልሶቹን ይዘሽ ከባልሽ ጋር አንድ ገጽ ላይ ጻፉት። አንዱን ቅጂ ለአዋላጇ ስጧት፤ ሌላውን የሐኪም ቤት ቦርሳሽ ውስጥ አስገቢው። ለእናትሽም አንብቢላት። ኤፒዱራል የሚለው ሦስተኛው መስመር ላይ መሆኑን ስታይ ምናልባት ክርክሩ ይበርድ ይሆናል።